የአየር ጠባይ ቃላት በመጠን፦ ካፊያ ለዶፍ እንደሆነ ሽውታ ለምን ይሆናል?

ጥያቄ አውጪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለ7ኛ ክፍል አማርኛ የቃላት ዝምድና ጥያቄዎች እያወጣሁ ነው። ርእሱን የአየር ጠባይ አድርጌዋለሁ። ዝምድናው የመጠን እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያው ቃል ቀለል ያለው፣ ሁለተኛው የበረታው ማለት ነው። ረቂቁ ይኸውና፣ መልሱ በቅንፍ አለ።

1. ካፊያ ፡ ዶፍ ፡፡ ሽውታ ፡ (አውሎ ነፋስ)
2. ዝናብ ፡ ጎርፍ ፡፡ ብርድ ፡ (ውርጭ)
3. ጤዛ ፡ ዝናብ ፡፡ ጉም ፡ (ደመና)
4. ሙቀት ፡ ወበቅ ፡፡ ቅዝቃዜ ፡ (ቆፈን)
5. ብልጭታ ፡ መብረቅ ፡፡ ጉርምርምታ ፡ (ነጎድጓድ)

ያዩልኝ ባልደረቦች 1ኛውን ወዲያው መለሱት። 2ኛውና 4ኛው ላይ ግን በአንድ መልስ አልተስማሙም። ስሕተቱ የት ላይ ነው? ለዝናብ፣ ለነፋስ፣ ለብርድና ለሙቀትስ ሰው ሁሉ የሚስማማበት የቃላት ደረጃ አለ? የምርጫ አጻጻፍ ላይም ምክር ካላችሁ ደስ ይለኛል።

ሰምና ቃል፦

መምህር፣ ቃላቱ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ዝምድናው ላይ ነው። ከአምስቱ ውስጥ በሁለቱም በኩል የመጠን የሆነው 1ኛው ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ውስጥ ሌላ ዝምድና ሾልኮ ገብቷል።

ጥንዱ የመጠን መሆኑን ለማወቅ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። አንዱ «እንዲህ ያለው ሲበረታ እንዲያ ይሆናል» የሚለው ነው። ሌላው «ሁለቱም እንዲህ ናቸው» የሚለው ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሁለቱን የሚያቅፍ አንድ ጠበብ ያለ ስም መገኘት አለበት። ካፊያ ሲበረታ ዶፍ ይሆናል። ሁለቱም ዝናብ ናቸው። ይህ አለፈ።

አሁን ዝናብና ጎርፍን ይሞክሩ። «ዝናብ ሲበረታ ጎርፍ ይሆናል» ቢባል ለጆሮ አይከብድም፣ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ይወድቃል። ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል፣ ጎርፍ በመሬት ላይ ይሄዳል። ሁለቱን የሚያቅፈው ስም «ውሃ» ነው፣ ውሃ ደግሞ ወንዙንም ባሕሩንም ጨምሮ ስለሚያቅፍ ምንም አይለይም። ዝምድናው የምክንያትና የውጤት ነው። ጎርፍ ዝናብ ባልጣለበት ቦታ ሊመጣ እንደሚችል ማስታወስ ብቻ ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታ፣ ውሃውን ያመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ዝናብ ነው። አንድ መሰላል ላይ ያሉ ቃላት እንዲህ ተለያይተው ሊቆሙ አይችሉም።

የ2ኛው ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል፣ ብርድና ውርጭ፣ ለመጠን ይቀርባል። ስለዚህ ተማሪው በግራ በኩል ምክንያትና ውጤት፣ በቀኝ በኩል መጠን ያያል። ባልደረቦችዎ ያልተስማሙት ግራ ቀኙ ስላልተመሳሰለ ነው። «ብርድ» ውጤት ቢፈለግለት «ጉንፋን» ወይም «ቆፈን» ይሆናል፣ የሚያስቡ ልጆች ይህን ቢመርጡ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

4ኛው ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ቆፈን የብርድ ከፍተኛ ደረጃ አይደለም፣ ብርድ በሰው ላይ የሚያደርሰው ነው። ጣት ደርቆ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው «ቆፈነኝ» ይባላል። ሰማዩ አይቆፍንም።

3ኛውን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ጤዛ ከላይ አይወርድም። በሌሊት ሣሩ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው እንፋሎት እላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ «ጤዛ ሲበረታ ዝናብ ይሆናል» አይባልም። ጉምና ደመናም የሚለያዩት በቦታ ነው። ተራራ ላይ ያለው ሰው ጉም የሚለውን፣ ሜዳ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ደመና ይለዋል።

5ኛው ግማሹ ጥሩ ነው። ጉርምርምታና ነጎድጓድ ሁለቱም የሰማይ ድምፅ ናቸው፣ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይሆናል። ብልጭታ ግን የመብረቅ አንድ ክፍል ነው፣ ዓይን የሚያየው ክፍል። ይህ የክፍልና የሙሉ ዝምድና ነው።

አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለ፤ «እንዲያውም»። «ካፊያ ነው፣ እንዲያውም ዶፍ ነው» ያስኬዳል። «ዶፍ ነው፣ እንዲያውም ካፊያ ነው» አያስኬድም። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስኬድ ከሆነ የትኛው ቃል እንደሚበረታ በዚያው ያውቃሉ። በሁለቱም በኩል ካስኬደ ቃላቱ ተመሳሳይ ናቸው፣ በሁለቱም በኩል ካላስኬደ መሰላሉ አንድ አይደለም።

ስለ አጻጻፉም ልበል። «፡» እና «፡፡» ለዝምድና ምልክት አይጠቀሙ። በአማርኛ ሁለት ነጥብ ቃል ይለያል፣ ሁለቱ ሲደጋገሙ ደግሞ ዓይን አራት ነጥብ አድርጎ ያነባቸዋል። ልጁ «ካፊያ ዶፍ።» ብሎ ዐረፍተ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በቃል መጻፉ ይሻላል፦ «ካፊያ ለዶፍ እንደሆነ፣ ሽውታ ለ______ ነው።» የምርጫ ፊደሎቹን ደግሞ በቅንፍ ይዝጉ፤ «ለ» ራሱ የምርጫ ፊደል ስለሆነ «ለ. ነፋስ» ተብሎ ሲጻፍ «ለነፋስ» ተብሎ ይነበባል። «ለ) ነፋስ» ይሁን።

ዝናብ ለኪ፦

ሰምና ቃል ያለው ልክ ነው። ከልኬት ወገን የሚጨመር አለኝ፣ ምክንያቱም ብዙ የመጠን ጥያቄ የሚበላሸው ሁለት ልኬቶች በአንድ ቃል ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው።

ዝናብ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደጣለ ይለካል። በብዙ አገር የሚሠራበት አከፋፈል እንዲህ ነው፦ በሰዓት ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ቀላል፣ ከ2.5 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 እስከ 50 ከባድ፣ ከ50 በላይ እጅግ ከባድ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሲባል እንግዲህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ተኩል ባለ20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ሰዓት እንደተደፋ ያስቡት።

ካፊያ በውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በጠብታውም ይለያል። ጠብታው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጋቢ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አይሰርግም፣ እንደ ዱቄት ጸጉሩ ላይ ተበትኖ ይቀመጣል። ኩሬ ላይ ሲወድቅ ክብ ክብ አያወጣም። ዶፍ ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ሰዎች ሳይጮኹ አይሰማሙም። ለ7ኛ ክፍል ልጅ ከሚሊ ሜትሩ ይልቅ ይህ ይገባዋል፣ ማብራሪያ ላይ ይጠቀሙበት።

የቆይታ ጊዜ ከመጠን ጋር እንዳይደባለቅ። ሲያካፋ የዋለ ዝናብ ለሩብ ሰዓት ከወረደ ዶፍ የበለጠ ውሃ ሊሰጥ ይችላል። የሚለካው የአንዱ ቅጽበት ብርታት ነው ወይስ የቀኑ ድምር? በጥያቄ ውስጥ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይያዙ። ሽውታም ቢሆን ከቀላልነቱ ሌላ አጭርነት አለው፣ መጥቶ ያልፋል። ለዚህ ክፍል ችግር አይፈጥርም፤ ከፍ ላለ ክፍል ግን «ለስላሳ ነፋስ» ቢባል ይጠራል።

ውሽንፍርና ወጨፎ በዝናብ መሰላል ላይ አይቀመጡም። ውሽንፍር ነፋስና ዝናብ አብረው ሲመጡ ነው። ወጨፎ ደግሞ ነፋስ አግድም የሚገፋው ዝናብ ነው፤ ቀላል ዝናብ ሆኖ ወጨፎ ሊሆን ይችላል፣ መስኮት የዘጋ ሰው ሳይቀር በስንጥቁ ገብቶ ያርሰዋል። አቅጣጫን እንጂ ብዛትን አይናገርም። ወበቅም እንደዚሁ ድርብ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ፣ ነፋስም ሲጠፋ ላቡ አይደርቅም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ዳሎል ላይ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር፤ ለዚያ ዓይነቱ ቃሉ «ሐሩር» ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳርቻ በበጋ ሌሊት ሰውን የሚያስጨንቀው ደግሞ ወበቅ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ከበረሃው በታች ቢያሳይም። ስለዚህ «ሙቀት ለወበቅ» የመጠን ጥንድ አይሆንም። «ሙቀት ለሐሩር» ይሆናል።

ለነፋስ የተዘጋጀ መሰላል አለ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኑ ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከ0 እስከ 12 የሚሄደው። ጥቅሙ በዓይን የሚታይ ነገር መስጠቱ ነው። በ2ኛው ደረጃ፣ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር፣ ነፋሱ ፊት ላይ ይሰማል፣ ቅጠል ይንሾካሾካል። በ4ኛው፣ ከ20 እስከ 28፣ አቧራና ወረቀት ይነሣል። በ6ኛው ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል። በ8ኛው፣ ከ62 እስከ 74፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቀነጠሳል። በ10ኛው ዛፍ ከነሥሩ ይነቀላል። 12ኛው ከ118 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሆኖም የአማርኛ ቃላቱን በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አይቸንክሩ። ሽውታ 2ኛ ነው፣ ወጀብ 10ኛ ነው የሚል ስምምነት የለም። ቁጥሩ ቅደም ተከተሉን ለራስዎ ለማረጋገጥ ይጠቅማል እንጂ የጥያቄው አካል አይሁን።

የቃል ጎተራ፦

መምህር የጠየቁት የቃላት ደረጃ ቀርቷልና እሱን ላንሣ። ለጥያቄ የሚሆኑት ሰው ሳይከራከር የሚያሰናኛቸው ብቻ ናቸው።

ዝናብ፦ ካፊያ፣ ዝናብ፣ ዶፍ።
ነፋስ፦ ሽውታ፣ ነፋስ፣ ወጀብ።
ብርድ፦ ቅዝቃዜ፣ ብርድ፣ ቁር።
ሙቀት፦ ሙቀት፣ ሐሩር።
የሰማይ ድምፅ፦ ጉርምርምታ፣ ነጎድጓድ።

ከዚህ በላይ ለማርዘም አልመክርም። «ውርጅብኝ»ን የሚጨምር ሰው ይኖራል፤ ቃሉ ግን ዛሬ ከዝናብ ይልቅ ለስድብ፣ ለጥያቄና ለዱላ ነው የሚውለው፣ ልጁም የሚያውቀው በዚያ ነው። «ውርጭ»ም ሁለት ቦታ ይሠራል። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሰብል የሚያቃጥለው ውርጭ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ከፍታም ከበረሃ፣ ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ ቀጥሎ ውርጭ ይባላል። የጂኦግራፊ መጽሐፉን የያዘ ልጅ «ደጋ ለውርጭ» ብሎ ቢያስብ ከፍታን ነው የሚያነጻጽረው። ስለዚህ የብርድን ጫፍ በ«ቁር» ይተኩት። ጉምና ጭጋግን ደግሞ እንደ ደረጃ አያስቀምጧቸው። የትኛው እንደሚከብድ ጎጃም ያለው፣ ወሎ ያለውና ሸዋ ያለው ሰው አንድ መልስ ላይሰጥ ይችላል።

ትልቁ ሀብት ግን ስሞቹ ውስጥ አይደለም፣ ግሦቹ ውስጥ ነው። አማርኛ መጠንን በግሥ ቅርጽ ይናገራል። «ቀዘቀዘ» ሲባል ሙሉ ነው፣ «ቀዝቀዝ አለ» ሲባል ትንሽ ነው። «ሞቀ» እና «ሞቅ አለ»፣ «ጨለመ» እና «ጨለም አለ»፣ «ነፈሰ» እና «ነፈስ አለ»፣ «ጠቆረ» እና «ጠቆር አለ» እንዲሁ ይሄዳሉ። ስሙን መድገምም ያቀልለዋል፤ «በረደኝ» ያለ ሰው ጋቢ ይፈልጋል፣ «ብርድ ብርድ አለኝ» ያለው ገና እየጀመረው ነው። በመቀነስ በኩልም አለ፤ ዝናቡ «ጋብ አለ» ሲባል ገና ይጥላል፣ «አባራ» ሲባል ጨርሶ ቆሟል። ይህን ልጁ ከቤቱ ይዞት ይመጣል፣ መምህር ማስተማር አያስፈልገውም፤ እንዲያስተውለው ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። «ቀዝቀዝ አለ ለቀዘቀዘ እንደሆነ ጨለም አለ ለ______ ነው» ብለው ቢጠይቁ ልጁ ትርጉሙን ሳያይ በቅርጹ ብቻ «ጨለመ» ይላል። ለ5ኛ ክፍል ይሁን። ለ7ኛ ግን ቅርጹን ያለያዩት፦ «ቀዝቀዝ አለ ለቀዘቀዘ እንደሆነ፣ ካፊያ ለ______ ነው።» እዚህ ግሥ ከስም ጋር ስለተጣመረ ቅርጽ አያድንም፣ መጠኑን ማየት ግድ ይሆናል። መልሱ «ዝናብ» ነው፣ «ዶፍ» አይደለም፤ ምክንያቱም ከቀዝቀዝ ወደ ቀዘቀዘ አንድ ደረጃ ነው።

ከአየር ጠባይ ወጣ ብሎ ሌላ መስክ መያዝም ይቻላል። ጉርምርምታ ለነጎድጓድ እንደሆነ ሹክሹክታ ለጩኸት፣ ካፊያ ለዶፍ እንደሆነ ቅሬታ ለቁጣ። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የማደንቀው ጥንድ ራሱ አነጋገራችን ውስጥ ተቀምጧል፤ «ከድጡ ወደ ማጡ»። ድጥ ሲረግጡት የሚያንሸራትት ጭቃ ነው፣ ማጥ እግር ውጦ የሚይዝ ጭቃ። አንዱ ሲጥል ሌላው አያስነሣም። ሁለቱም ጭቃ ናቸው፣ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይሆናል፤ የሰምና ቃልን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያልፋል።

ሰምና ቃል፦

የቃል ጎተራ፣ «አውሎ ነፋስ»ን ትተህ «ወጀብ»ን ማስገባትህ ለምን ይሆን? ልጆቹ አውሎ ነፋስን በዜና ይሰሙታል። ወጀብን ብዙዎቹ የሚያውቁት በዝማሬና በመጻሕፍት ነው።

የቃል ጎተራ፦

ሁለት ምክንያት አለኝ። አውሎ ነፋስ እየተሽከረከረ የሚሄድ ነፋስ ነው፤ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ አንሥቶ የሚዞረው ትንሹም አውሎ ነፋስ ይባላል፣ በዜና የሚወራው ከተማ የሚያፈርሰውም። ቃሉ ከብርታቱ ይልቅ አዟዟሩን ነው የሚናገር። ሁለተኛው ምክንያት የቃላት ቁጥር ነው። ሌሎቹ ምርጫዎች አንዳንድ ቃል ሆነው መልሱ ብቻ ሁለት ቃል ከሆነ ልጁ ሳያነብ ይመርጠዋል።

ይሁንና ልጆቹ ወጀብን ካላወቁት ጥያቄው የዝምድና መሆኑ ይቀርና የቃል ዕውቀት ይሆናል። ያኔ አውሎ ነፋስ ይግባ፣ ሌላ አንድ ምርጫም ሁለት ቃል ይሁን፤ ለምሳሌ «ደራሽ ጎርፍ»። ይህኛው ደግሞ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ «ዶፍ» ሲያይ የሚከተለውን የሚያስብ፣ ዝምድናውን ትቶ በትዝታ የሚመልስ ልጅ እሱን ይመርጣል።

ቅዳሜ አማርኛ፦

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ካነበበ፣ «በረዶ» ላይ ይጠንቀቅ። አገር ቤት ያለ ልጅ በረዶ ሲባል በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደውን፣ ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠር ያስባል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያደገው ነጩን፣ በዝግታ የሚወርደውንና መንገድ የሚሸፍነውን ያስባል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። «ዝናብ ለበረዶ» የሚል ጥያቄ ለአንዱ የመጠን፣ ለሌላው የዓይነት፣ ለሦስተኛው የመርጋት ይሆናል።

ለነጩ በረዶ ደረጃ የሚሰጡ ነጠላ ቃላት ስለሌሉን በሐረግ መሥራት ነው፤ «ስስ በረዶ»፣ «ከባድ በረዶ»፣ «የበረዶ ውሽንፍር»። የመጨረሻው በጣም ይመቻል፣ ውሽንፍር ነፋሱን ስለሚይዝ። ግን ዝናብ ለኪ እንዳለው ድርብ ነውና በሌላኛው ወገን የሚመጣው ቃልም ድርብ መሆን አለበት፦ «ዝናብ ለውሽንፍር እንደሆነ በረዶ ለበረዶ ውሽንፍር።» ይህ ያስኬዳል፣ በሁለቱም ወገን የተጨመረው ነፋስ ነውና። ቢሆንም የመጠን ሳይሆን የመደመር ዝምድና ብላችሁ መዝግቡት።

ዝናብ ለኪ፦

ስለ ፈተና አሰጣጥ አንድ ነገር ልጨምር። ቃላቱን ከማተማችሁ በፊት እያንዳንዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ለአሥር ሰው ለየብቻ ስጡና «ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሩ» በሉ። ከአሥሩ ዘጠኙ በአንድ ቅደም ተከተል ያልደረደሩትን ጥንድ ጣሉት። ከአንድ አካባቢ ብቻ የመጡ አሥር ሰዎች አይሁኑ። ሦስት ቃል ከሆነ ደግሞ መካከለኛውን ለይታችሁ እዩ፤ ሰው ጫፎቹ ላይ ተስማምቶ መሐሉ ላይ ይለያያል፣ «ቅዝቃዜ» እና «ብርድ» ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው።

መልሱን ተማሪው ራሱ የሚጽፈው ከሆነ የፊደል ልዩነቱን በመልስ ወረቀቱ ላይ አስቀድማችሁ አስቀምጡ። ነፋስና ንፋስ፣ ሐሩርና ሀሩር፣ አውሎና ዐውሎ ሁሉም ይቆጠሩ። ይህ ካልተጻፈ አራሚው እንደ ስሜቱ ያርማል።

ጥያቄ አውጪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው ያቀናችሁልኝ። በተባለው መሠረት እንደገና ጽፌዋለሁ፣ እስቲ እዩልኝ።

1. ካፊያ ለዶፍ እንደሆነ፣ ሽውታ ለ______ ነው። ሀ) ነፋስ ለ) አውሎ ነፋስ ሐ) ደራሽ ጎርፍ መ) እርጋታ
2. ቅዝቃዜ ለቁር እንደሆነ፣ ሙቀት ለ______ ነው። ሀ) ወበቅ ለ) ሐሩር ሐ) ላብ መ) በጋ
3. ጉርምርምታ ለነጎድጓድ እንደሆነ፣ ሹክሹክታ ለ______ ነው። ሀ) ዝምታ ለ) ጩኸት ሐ) ጆሮ መ) ወሬ
4. ቀዝቀዝ አለ ለቀዘቀዘ እንደሆነ፣ ካፊያ ለ______ ነው። ሀ) ደመና ለ) ዝናብ ሐ) ዶፍ መ) ጃንጥላ
5. ጋብ አለ ለአባራ እንደሆነ፣ በረድ አለ ለ______ ነው። ሀ) ሞቀ ለ) ቀዘቀዘ ሐ) ዘነበ መ) ነፈሰ

ሰምና ቃል፦

1ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ይሁኑ። 1ኛው ላይ «ነፋስ»ን ማስገባትዎ ጥሩ ነው፤ ዝምድናውን ያወቀ፣ ርቀቱን ግን ያላስተዋለ ልጅ እሱን ይመርጣል። ካፊያ ወደ ዶፍ ሲሄድ ዝናብን ዘልሎ ነው፣ ሽውታም ነፋስን መዝለል አለበት። በመልስ ማብራሪያው ላይ ይህን ጻፉት፣ ልጁ ለምን እንደተሳሳተ ይገባዋል። 4ኛው ተቃራኒውን ይፈትናል፤ እዚያ የሚዘልለው ይሳሳታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው፣ አንዱ ለሌላው ፍንጭ ይሰጣል።

2ኛው ላይ «ወበቅ» ይውጣ። ዝናብ ለኪ የነገረንን ልዩነት የሚያውቅ ልጅ ሐሩርን ይመርጣል፣ ግን ወበቅ ያለበት አካባቢ ያደገ ልጅ ከሐሩር ይልቅ የሚያስጨንቀው ወበቅ ነውና ቢመርጠው ተሳስተሃል ለማለት ያስቸግራል። በቦታው «ጥላ» ይግባ።

5ኛው ሁለት መንገድ ይነበባል። ጋብ አለ ወደ አባራ ሲሄድ ዝናቡ እየቀነሰ ነው። በረድ አለ ወደ ቀዘቀዘ ሲሄድ ግን ሙቀቱ እየቀነሰ ነው የሚልም፣ ቅዝቃዜው እየጨመረ ነው የሚልም አለ። ባለቤቱን ካልነገሩት ልጁ የትኛውን እንደሚከተል አያውቅም። ባለቤቱን አስገብተው እንዲህ ይጻፉት፦ «ዝናቡ ጋብ አለ» ለ«ዝናቡ አባራ» እንደሆነ፣ «ነፋሱ ቀነስ አለ» ለ______ ነው። ሀ) «ነፋሱ በረታ» ለ) «ነፋሱ ዞረ» ሐ) «ነፋሱ ቆመ» መ) «ነፋሱ ተነሣ»።

የመልሶቹንም ቦታ ይዩት። አሁን አምስቱም «ለ» ላይ ናቸው። ይህ 5ኛው ሲገባ አንዱ ወደ «ሐ» ይሄዳል፣ ከቀሩት ውስጥ የ2ኛውን ወደ «መ»፣ የ3ኛውን ወደ «ሀ» ያዙሩ።